ቁጥር በጆሮ ሲገባ፦ የኢኮኖሚ ሬዲዮ ፕሮዲዩሰር ሥራ ምንድን ነው?

አንድ ቀን ጠዋት የዋጋ ንረት መቀነሱን የሚናገር ዜና አዘጋጅቼ አየር ላይ ዋለ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። በቀጥታ ከስታትስቲክስ መግለጫው ላይ ነው የወሰድኩት። ዜናው ከተነበበ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የስቱዲዮው ስልክ ጮኸ። አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ ቀነሰ ያላችሁት የት ገበያ ነው? ንገረኝና ሄጄ ልግዛ» አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም። የምራቸውን ነው የጠየቁኝ። ዘንቢላቸውን አንስተው ሊወጡ ነበር።

ለእሳቸው የሚሆን መልስ በአፌ ላይ አልነበረም። ይቅርታ ጠይቄ ስልኩን ዘጋሁና ስክሪፕቱን መልሼ አነበብኩት። ውሸት የለበትም። ግን እሳቸው የሰሙት እኔ ከጻፍኩት ሌላ ነው። ሥራዬ ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዕቃ አምና 100 ብር ነበር፣ ዘንድሮ 130 ገባ እንበል። ንረቱ 30 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከ130 ወደ 149 ብር ከ50 ወጣ። አሁን ንረቱ 15 በመቶ ነው። ንረቱ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ዕቃው ግን 19 ብር ከ50 ጨምሯል። ዋጋው አሁንም ዳገት እየወጣ ነው፣ የቀነሰው እርምጃው ብቻ ነው። «የዋጋ ንረት ቀነሰ» ስንል ይህን የሚረዳ አድማጭ ጥቂት ነው። ብዙው ሰው «ዋጋ ቀነሰ» ብሎ ይሰማል። መስማቱም ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ቃላቱ ያንን ይመስላሉ። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ዋጋ አሁንም እየጨመረ ነው። የሚጨምርበት ፍጥነት ግን ካለፈው ወር ቀነስ ብሏል።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ወሰደ። ይውሰድ።

ለመሆኑ ፕሮዲዩሰር ማን ነው? አድማጭ የሚያውቀው ድምፅን ነው። አቅራቢውን ታክሲ ውስጥ ሆኖም በድምፁ ይለየዋል። ፕሮዲዩሰሩን ግን ማንም አያውቀውም። እሱ ከመስታወቱ ወዲያ፣ ከቴክኒሻኑ ጎን ነው የሚቀመጠው። የዛሬው ጉዳይ ምን ይሁን ብሎ የሚወስነው፣ እንግዳ የሚያፈላልገው፣ እንግዳውን አስቀድሞ በስልክ የሚያነጋግረው፣ ስክሪፕት የሚጽፈው፣ ድምፅ የሚቆርጠው፣ ሰዓት የሚጠብቀው እሱ ነው። እንግዳው በረዥሙ ሲሄድ በአቅራቢው ጆሮ ማዳመጫ ገብቶ «ሁለት ደቂቃ ቀርቶናል» የሚለውም እሱ ነው። በብዙ ጣቢያዎች ደግሞ አንድ ሰው ሪፖርተርም፣ ፕሮዲዩሰርም፣ አቅራቢም ሆኖ ይሠራል። በአማርኛ «አዘጋጅ» ስንል ሁሉንም ጠቅልለን ነው።

የኢኮኖሚ ጉዳይ ላይ የሚሠራ ፕሮዲዩሰር ከሌላው በምን ይለያል? በአንድ ነገር። የሥራው ጥሬ ዕቃ ቁጥር ነው፣ ጆሮ ደግሞ ቁጥርን አይወድም። ጋዜጣ ላይ ቁጥር ካልገባህ ዓይንህን መልሰህ ታነባለህ። ሬዲዮ ላይ መመለስ የለም። ሴትዮዋ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ሹፌሩ ቀለበት መንገድ ላይ ነው። አንድ ቁጥር ሳይገባቸው ካለፈ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በአንድ ዜና ውስጥ አንድ ዋና ቁጥር እንጂ ሦስት አታስቀምጥም። ቀላል ይመስላል። የትኛውን ትተህ የትኛውን ትይዛለህ የሚለው ግን የሥራው ትልቁ ኃላፊነት ነው። ምክንያቱም የምትመርጠው ቁጥር የአድማጩን ስሜት ይወስናል።

ለዚህ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ሰኞ ነበር። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። በዚያው ቀን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ለኢትዮጵያ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዓርብ ዕለት አንድ ዶላር 57 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር፣ ሰኞ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ገባ። ዜናው በየቦታው «ብር በ30 በመቶ ተዳከመ» ተባለ።

እስቲ ቁጭ ብለን እናስላው። የዶላር ዋጋ በብር ሲለካ በ30 በመቶ ጨመረ፣ ይህ ልክ ነው። ግን ዓርብ በ100 ብር 1 ዶላር ከ74 ሳንቲም ይገኝ ነበር። ሰኞ በዚያው 100 ብር የሚገኘው 1 ዶላር ከ34 ሳንቲም ነው። ብር ያጣው አቅም 23 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ክስተት፣ ሁለት ቁጥር፣ ሁለቱም እውነት። «ዶላር በ30 በመቶ ተወደደ» ካልክ ትክክል ነህ። «ብር 30 በመቶ አቅሙን አጣ» ካልክ ተሳስተሃል። በአንድ ቃል መቀያየር ነው የምትሳሳተው። እንዲህ ባለ ቀን ሁሉም ሰው ይሮጣል፣ ስልክ ይደወላል፣ አለቃ ከጀርባ ይቆማል። ያኔ ካልኩሌተር አውጥቶ ለሁለት ደቂቃ ፀጥ ማለት የሚችል ሰው ያስፈልጋል። እሱ ነው ፕሮዲዩሰሩ።

ያን ሰሞን ከሀገር ውጭ ያለው አድማጭም አንድ ጥያቄ ነበረው። ዋሽንግተን ያለው ታክሲ ነጂ፣ ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው እህት፣ ሁሉም «አሁን ልላክ ወይስ ልጠብቅ?» ይላሉ። ለእነሱ ይህ ወሬ አይደለም፣ የቤተሰብ ቀለብ ነው። ፕሮዲዩሰር እዚህ ጋ ምላሱን መቆጣጠር አለበት። ተመኑ እንዴት እንደሚወሰን፣ በባንክና በትይዩ (በጥቁር) ገበያ መካከል ያለው ልዩነት ለምን እንደሚሰፋና እንደሚጠብ፣ በሕጋዊ መንገድ መላክ ምን ጥቅም እንዳለው ታስረዳለህ። «ጠብቁ» ወይም «ላኩ» ግን አትልም። ነገ ተመኑ ቢገለበጥ ያንን ብር የምትመልስላት አንተ አይደለህም።

የቀኑ ሥራ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ለጠዋቱ 1 ሰዓት ዝግጅት የሚሠራ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቢሮ መድረስ አለበት። መጀመሪያ የባንኮችን የዕለት ምንዛሪ ያያል። ከዚያ የዓለም ነዳጅ ዋጋ፣ ከዚያ ቡና። ቡና ለእኛ ዝም ብሎ ሸቀጥ አይደለም፣ ዶላራችን ነው። ግን የኒው ዮርክ ገበያ የቡናን ዋጋ የሚናገረው በክብደት መለኪያው በፓውንድ ነው። የጅማ ወይም የይርጋ ጨፌ ገበሬና አቅራቢ የሚያስበው በኪሎና በፈረሱላ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ በፓውንድ 37 ተኩል ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ አረቢካ ቡና በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ፣ ይህ ማለት ፈረሱላው ኒው ዮርክ ላይ ከ150 ዶላር በላይ ነው ማለት ነበር። «በፓውንድ አራት ዶላር» ብለህ ብታነበው ማንም ቀና አይልም። «ፈረሱላው ከ150 ዶላር በላይ» ስትል ግን ጅማ ላይ ያለው ሰው ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። ወዲያው ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ «ታዲያ እኔ ጋ ስንት ደረሰ?» የዚያን ቀን ፕሮግራም ያ ጥያቄ ነው።

ሌላው የሚያንሸራትተው ነገር ዘመን ነው። የኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። አይኤምኤፍና ዓለም ባንክ «2024/25» የሚሉት የኛ 2017 በጀት ዓመት ነው። አንድ ሪፖርት በእንግሊዝኛ ታነባለህ፣ ሌላውን በአማርኛ፣ ሁለቱን ታጣምራለህ፣ ሳታውቀው ሰባት ስምንት ዓመት ትስታለህ። ስለዚህ «ዓ.ም.» የምትለዋን ጽሑፍ ላይ ብቻ ሳይሆን በአፍም ማለት ጥሩ ነው። በተለይ ውጭ ሀገር ያደገ አድማጭ «በ2017» ስትለው የፈረንጁን ነው የሚያስበው።

በመቶም እንደዚሁ ያሳስታል። የባንክ ብድር ወለድ ከ15 ወደ 18 በመቶ ቢወጣ፣ «3 በመቶ ጨመረ» የሚል ብዙ ነው። ልክ አይደለም። ጭማሪው ሦስት የመቶኛ ነጥብ ነው። በመቶኛ ካሰላኸው ደግሞ 20 በመቶ ነው። አየር ላይ «የመቶኛ ነጥብ» የሚል ቃል ከባድ ነው። እኔ ከነጭራሹ እተወዋለሁ። «ከ15 ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሏል» እላለሁ፣ በቃ። መነሻውና መድረሻው ካለ ልዩነቱን አድማጩ ራሱ ያገኘዋል።

ትልልቅ ቁጥሮች ሌላ ጣጣ አላቸው። የ2017 የፌዴራል በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን። ዝም ብለህ ስትሰማው እጥፍ ሆነ። እጥፍ መሆኑ እውነት ነው። ግን 2017 ሲገባ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ 2018 ሲገባ ከ130 ብር በላይ። በዶላር ስታሰላው የፊተኛው 17 ቢሊዮን ገደማ ነው፣ የኋለኛው ከ15 ቢሊዮን በታች። እና በጀቱ አደገ ወይስ አነሰ? መንግሥት ደመወዝ የሚከፍለው በብር ነው፣ የውጭ ዕዳና ማዳበሪያ የሚከፍለው በዶላር። ስለዚህ መልሱ «ለምን ዓላማ ነው የጠየቅከው?» የሚል ነው። ይህን በአራት ደቂቃ፣ ያለ ሰሌዳ፣ ያለ ሰንጠረዥ፣ በድምፅ ብቻ ማስረዳት ነው ሥራው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የሚበልጥ ደስ የሚል ሥራ አላውቅም።

ስለ እንግዶች ትንሽ ልበል። ምሁራኖቻችን ዕውቀት አላቸው፣ ግን ማይክ ሲያዩ ይከብዳሉ። «ከማክሮ አንጻር ስናየው የፊስካል ጉድለቱ…» ብለው ይጀምራሉ። መፍትሔው ከቅጂው በፊት ያለው የስልክ ጨዋታ ነው። እኔ ሁሌ የምጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ፕሮፌሰር፣ ይህን ነገር እሑድ ቡና ላይ ለእናትዎ እንዴት ነው የሚነግሯቸው?» አብዛኞቹ ይስቃሉ፣ ከዚያ በጣም ያማረ ነገር ይናገራሉ። «እንዲህ ነው አየር ላይም የምፈልገው» እላቸዋለሁ። አንዱ እንግዳ የበጀት ጉድለትን ሲያስረዱ «ደመወዜ ሳይደርስ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ፣ ከዕቁቤ ላይ ተበደርኩ» ብለው ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ምን ቢሉ ሰው ተከተላቸው።

ግን ባለሙያ ብቻውን አይበቃም። እህል በረንዳ የጤፍ ነጋዴዋን፣ ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ የጫኝ አውራጁን ድምፅ ያልያዘ የኢኮኖሚ ዝግጅት ግማሽ ነው። ድምፁ ራሱ ይናገራል። የሚዛኑ ኳኳታ፣ «ማኛው በዚህ ነው እማዬ» የሚለው ልመና፣ ገዢዋ ዋጋ ጠይቃ ዝም የምትልበት ቅጽበት። ያን ዝምታ ኤዲት ስታደርግ አትቁረጠው። ሁለት ሰከንድ ናት፣ የትኛውም መግለጫ የማይናገረውን ትናገራለች። መጠንቀቅ ያለብህ ግን አንድ ገበያ ሀገር አለመሆኑን ነው። አንዲት ሴት ሽንኩርት ተወደደብኝ ስላለች «ሽንኩርት ተወደደ» ብለህ አገር አቀፍ ዜና አታደርግም። የእሷ ድምፅ ቁጥሩን ሰው ያደርገዋል እንጂ አይተካውም።

አሁን ወደማይወራው ልምጣ፣ ወደ ገንዘቡ። በአዲስ አበባ ኤፍኤም ጣቢያዎች ብዙ ዝግጅቶች የሚሠሩት በጣቢያው ተቀጣሪዎች አይደለም። ተባባሪ አዘጋጆች የሚባሉ ናቸው። የአየር ሰዓት ከጣቢያው ይከራያሉ፣ ስፖንሰር ራሳቸው ያፈላልጋሉ፣ ከዚያ የተረፈው ደመወዛቸው ነው። የስፖርትና የመዝናኛ አዘጋጅ ስፖንሰሩ የለስላሳ ወይም የቀለም ፋብሪካ ቢሆን ብዙ አይጨነቅም። ለኢኮኖሚ አዘጋጅ ግን ስፖንሰር የሚሆነው ማን ነው? ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ አስመጪ፣ ሪል እስቴት። በሌላ አነጋገር ዜና የሚሠራባቸው ድርጅቶች ራሳቸው ናቸው።

ይህ በኔም ደርሷል። የባንኮችን የብድር ወለድ የሚያነጻጽር ዝግጅት ሠራን። ከስፖንሰሮቻችን አንዱ ዝርዝሩ ውስጥ ነበረበት፣ ቦታውም ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ከመተላለፉ በፊት ስልክ ተደወለ። «ወንድሜ፣ እኛን ብቻ ብትተወን ምን አለበት?» አለኝ ሰውየው። በትህትና ነው የጠየቀኝ፣ ለዚያም ነው የከበደኝ። ዝርዝሩ እንዳለ ተላለፈ። ውሉ ሲያልቅ አላደሱም። ሦስት ወር የአየር ሰዓት ኪራዩን የከፈልነው ከኪሳችን ነው። ይህን የምነግርህ ጀግና ነበርኩ ለማለት አይደለም። ወደዚህ ሙያ የሚገባ ወጣት ይህ ስልክ አንድ ቀን እንደሚደወልለት አስቀድሞ ይወቅ ብዬ ነው። ስፖንሰር ውል ሲፈርም «በይዘት ላይ አስተያየት አይሰጥም» የምትል አንቀጽ ማስገባት ይቻላል። ያቺ አንቀጽ ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

አክሲዮንም አዲስ ፈተና ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ከድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ነበር፣ ትንሹ መግዛት የሚቻለው 33 አክሲዮን። 33 ጊዜ 300፣ 9,900 ብር። በዚያው ዓመት ጥር መግቢያ ላይ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ። ጋዜጠኛም እንደማንኛውም ዜጋ አክሲዮን መግዛት ይችላል። ግን የገዛህበትን ድርጅት ዜና የምትሠራው አንተ ከሆንክ ለአለቃህ ንገር፣ ቢቻል ያን ዜና ሌላ ሰው ይሥራው። የማይቻል ከሆነ ለአድማጩ ራስህ ንገረው። እስካሁን በኛ ዘንድ ይህ ልማድ አልዳበረም። ገበያው ሳይሰፋ ብንለምደው ደስ ይለኛል።

ሙያው ውስጥ እንዴት ይገባል? በሁለት በር ነው ሰው የሚመጣው። አንዱ ከጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል፣ ሌላው ከኢኮኖሚክስ ወይም ከአካውንቲንግ። የመጀመሪያው መጻፍና መጠየቅ ያውቃል፣ የሒሳብ መዝገብ ሲያይ ግን ይሸሻል። ሁለተኛው መዝገቡን ያነበዋል፣ ማይክ ላይ ግን እንደ መመረቂያ ጽሑፍ ይናገራል። እኔ እንዳየሁት ከሁለቱም ቶሎ የሚያድገው «ይህ አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ለማለት የማያፍረው ነው። ፍራንኮ ቫሉታ ምን እንደሆነ ሳይገባው አንገቱን እየነቀነቀ የወጣ ሪፖርተር፣ ስክሪፕቱም ላይ እንዲሁ አንገቱን ይነቀንቃል። (በአጭሩ፦ አስመጪው ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ሳይጠይቅ፣ ውጭ ባገኘው በራሱ ገንዘብ ዕቃ ሲያስገባ ነው።)

ጀማሪ ዜና በመተርጎምና የዕለት ምንዛሪ በማንበብ ይጀምራል። ቀጥሎ ሪፖርተር፣ ከዚያ የራሱ ዝግጅት ያለው ፕሮዲዩሰር፣ ከዚያ አርታኢ። ብዙዎች ግን መንገድ ላይ ይወጣሉ። ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ለኮሙኒኬሽን ክፍላቸው የሚፈልጉት በትክክል ይህን ሰው ነው፦ ቁጥር የሚገባውና በቀላል አማርኛ የሚናገር። ደመወዙም ይሻላል። የሄዱትን አልወቅስም፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ምን ያድርግ። ግን ጎበዝ ፕሮዲዩሰር ባንክ በገባ ቁጥር አንድ ጠያቂ ይጎድላል፣ አንድ መላሽ ይጨመራል። አድማጭ ይህን አያየውም፣ ዝግጅቱ እየሳሳ ሲሄድ ብቻ ይሰማዋል።

መሞከር የምትፈልግ ወይም የምትፈልጊ ካላችሁ ጣቢያ እስኪቀጥራችሁ አትጠብቁ። ነገ ጠዋት የዕለቱን የምንዛሪ ተመን ወይም አንድ የዋጋ መግለጫ ያዙ። በአንድ ደቂቃ ጻፉትና በስልካችሁ ቅዱት። ኩሽና ሥራ ላይ ላለ ሰው፣ ሥራውን ሳያቆም፣ አንዴ ብቻ አሰሙት። ሲያልቅ «ምን ሰማህ? ምን ሰማሽ?» በሉ። የሚነግራችሁ ሌላ ነገር ከሆነ እሱን አታርሙት። ተመልሳችሁ ጻፉት፣ እንደገና ቅዱት። እኔ እስከዛሬ እንዲህ አደርጋለሁ። የማሰማት ለእህቴ ነው። ትናንት አራተኛው ላይ ነው የገባት።